የባባ ፍሬንና የሰኢድ ፍሬን

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ በሌሊት ሾልኮ ይወጣል። እኔ ከሐይቅ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም በታናሽ ወንድሜ በሰኢድ ሚኒባስ፣ እሱ እየነዳ እኔ ከኋላው ተቀምጬ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ። ሰኢድ እስከ ደሴ አደረሰኝ። ዳገት ላይ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ስር ድንጋዩን ይወሽቃል። ያኔ መኪና ሁሉ እንደዚያ የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

ከመሳፈሬ በፊት የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በመሀረብ ጫፍ የቋጠሩትን የግሸን እምነት እጄ ላይ አስጨበጡኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ የግሸን ማርያም ንግሥ አንድም ዓመት አምልጧቸው አያውቅም። እኛ ሰፈር ይሄ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። «ሲያምሽ ተቀቢው፣ ባያምሽም ያዢው» አሉኝ።

ሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ አንዱ ፈታሽ ቋጠሮውን ፈታው።

«ይሄ ምን ዱቄት ነው?»

«አፈር ነው» አልኩት፣ ቁርዓን ቤት በለቀምኳት አረብኛ።

«አፈር ምን ያደርግልሻል?»

«ጎረቤቴ ሰጡኝ። ከቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ስምሽ ዘሃራ ነው። ሙስሊም አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ምን ልበለው? ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ እያለ ወሎን ቁጭ አድርጌ ላስረዳው? መሀረቡን መለሰልኝና አፈሩን ቅርጫት ውስጥ ደፋው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው ግን «ምን ቸገረኝ፣ ሌላ አመጣልሻለሁ» አሉ።

ለሥራ የገባሁበት ቤት ጌታ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ባባ እላቸዋለሁ። አንዲት ቀይ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የጣልያን የውድድር መኪና አለቻቸው። ከግቢ አትወጣም። ጋራዧ ግን ኤሲ አለው። ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የምትጋራው የእኔ ክፍል የላትም።

«ባባ፣ ክፍሌ በጣም ይሞቃል።»

«አንቺ ከአፍሪካ አይደለሽም?»

«ከሐይቅ ነኝ። ማታ ማታ ጋቢ እንለብሳለን።»

«የመኪናዋ ጎማ በሙቀት ይሰነጠቃል» አሉኝ። «ሰው ይለምዳል።»

እንደ ነሐሴ በቆሎ እሸት እየተጠበስኩ ለመድኩ። ከሐይቁ ማዶ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ሳስብ እንባዬ ይመጣል፤ እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው።

አንድ ቀን ከወጥ ቤት ጠሩኝ። የመኪናዋን ፍሬን ራሳቸው ሊጠግኑ ተነስተዋል፣ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጎማው ወልቋል። ካሊፐሩ፣ ማለት ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን በሁለት በኩል ጨምቆ የሚይዘው ብረት፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዛሉ፣ እኔ እፈታለሁ። ፒስተኑን በአየር ግፊት አስወጣን። ዝገቱን በብሩሽ አጸዳሁ። ውስጡ ያለችውን የጎማ ቀለበት ሳወጣ «ጎሚኒው ደርቋል» አልኩ።

«ጣልያንኛ የት ተማርሽ?»

«ሐይቅ መናኸሪያ።»

አዲሱ ጎሚኒ ከጣልያን የመጣው እንደ ከረሜላ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። በፍሬን ዘይት አርሼ በጣቴ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። የቀሩትን ሦስት ጎማዎችም እንደዚያው ሠራን። ከዚያ እሳቸው ፔዳሉን ሲረግጡ እኔ ከታች አየሩን አስወጣሁ። ባባ ሥራውን ያውቁታል፣ እዚህ ላይ አላማቸውም። «አንዱ ጎማ ይዞ ሌላው ካልያዘ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ አለቀ» አሉኝ። ማታ እንግዶቻቸው ሲመጡ ደግሞ ሻይ ይዤ እየገባሁ «በገዛ እጄ ሠራሁት» ሲሉ ሰማኋቸው። እንግዳው እጃቸውን አደነቀ። የእኔ ጥፍር ስር ቅባቱ ገና አልለቀቀም።

ለሰኢድ በኢሞ ደውዬ ይህንኑ እያማረርኩ ሳጫውተው አቋረጠኝ።

«አሮጌውን ጎሚኒ ምን አደረጋችሁት?»

«ተጣለ።»

«ወላሂ ነው የምልሽ፣ ቅርጫት ውስጥ ገብተሽም ቢሆን አውጪልኝ። የውጭ ነው፤ እዚህ ካለው አዲስ ይሻላል።»

«የሌላ መኪና ነው ሰኢድ። ደግሞ ደርቋል። ለመሆኑ ለምን ፈለግኸው?»

የሚኒባሱ የፊት ግራ ጎማ ካሊፐር ዘይት እያፈሰሰ ስላስቸገረው ወደዚያ የሚሄደውን የዘይት መስመር አስደፍኖታል። በሦስት እግር ፍሬን ነው የሚነዳው። ለእሱ ይሄ ጥገና ነው። «ሦስቱ ይይዛሉ፣ ታኮም አለ፣ አብሽሪ» አለኝ። ከግቢ የማትወጣ መኪና በአራት እግሯ አዲስ ፍሬን ተገጥሞላታል፤ ሰው ጭኖ አምባሰልን የሚወርደው የእኔ ወንድም ድንጋይ ተሸክሞ ይዞራል። በማን እንደምናደድ ግራ ገባኝ። በባባ ተናደድኩ፣ በሰኢድ ተናደድኩ፣ እንዲህ አስለምዶ ባሳደገን ሁሉ ተናደድኩ።

ለእሱ መኪና የሚሆነውን ትክክለኛ ጎሚኒ ገዝቼ አገር ለምትገባ የደሴ ልጅ ሰጠኋት። እስኪደርስህ አትንዳ ብዬ ለመንኩት።

«የግሸን ሰሞን ቆሜ ልዋል? ኧረ እታለም፣ ምን ነካሽ?»

የንግሡ ዋዜማ ጠዋት ደወልኩለት። መኪናው ሞልቷል፣ መዝሙር ይሰማል። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው።

«ፔዳሉን ርገጠው እስኪ። ይሰምጣል?»

«ትንሽ» አለ፣ ዝግ ብሎ።

ያን ጊዜ ከኋላ እትዬ አስካለ ሰሙኝ። «ዘሃራ ነሽ? እምነትሽን ላመጣልሽ እየሄድኩ ነው የኔ ልጅ። አይዞሽ፣ በሰው አገር ማርያም ትጠብቅሽ።»

ለእኔ ነው የሚጸልዩት። እኔ መሬት ላይ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ ይውረዱ» አልኩ። «ሁላችሁም ውረዱ። የመኪናው አንድ እግር ፍሬን የለውም። መስመሩ ተደፍኗል።»

መዝሙሩ ቆመ። አንድ ሰው «እውነት ነው ሰኢድ?» አለ። መልሱን ሳልሰማ ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድኩት፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ በሚጠብቀው ሰሞን። በዚያው ቀን ባባ መኪናዋን አስነስተው ግቢውን አንዴ ዞሩና ፍሬን ያዙ። ቀጥ ብላ ቆመች። አጨብጭቢ በሚል ዓይን አዩኝ፤ ፊቴን አዙሬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ከንግሡ በኋላ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። በአውቶቡስ ሄደው፣ ተራራውን በእግራቸው ወጥተው በሰላም ተመልሰዋል። እምነቱን ቋጥረው አስቀምጠውልኛል፤ ከእንግዲህ ግን በሰው አይልኩትም፣ ራሴ መጥቼ እንድወስደው ነው።

«ሰኢድስ?» አልኳቸው።

«ስምሽን ሲያነሱበት ተነስቶ ይሄዳል፤ ክፉኛ ተቀይሞሻል። የላክሽው ዕቃ ትናንት ደረሰው። ዛሬ ደጃፉ ላይ ጎማውን ፈቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ተቀምጦ ነው የዋለው።»

ወዲያው ደወልኩለት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም።