ለእንግዳ የሚተከለው ሳውና

ሥራ የጀመርኩት በሐምሌ ዝናብ፣ በትራክተር ተጎታች ላይ ተቀምጬ ነው። ከአሰላ ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ስለነበር መኪና አይገባበትም። የእርሻውን ስም አልጠራም። በደርግ ጊዜ በአርሲ ደጋ ከነበሩት የመንግሥት የስንዴ እርሻዎች አንዱ ነው ብል ይበቃል።

የተቀጠርኩት በጤና ረዳትነት ነው። ክሊኒክ ብለው ያሳዩኝ ከመለዋወጫ መጋዘኑ በጣውላ ተከፍሎ የወጣ አንድ ክፍል ነበር። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አንድ አልጋ፣ አንድ የመርፌ መቀቀያ፣ አንድ ቴርሞሜትርና ግማሹ የጎደለ የመድኃኒት ቁም ሣጥን አለው። ከእኔ በፊት የነበረው ድሬሰር ተዛውሮ ስለሄደ ቁልፉን ያስረከበኝ የእርሻው አናጢ ቃሲም ነው።

"እንኳን ደህና መጣህ። አልጋው ላይ ግን እንዳትቀመጥ" አለኝ።

"ለምን?"

"ከካምፕ የመጣ ሰው ተኝቶበት ነበር።"

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ካምፖቹን ስዞር ነው። እርሻው ሦስት ካምፖች ነበሩት፤ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው ይባላሉ። ለአረምና ለአጨዳ ከከምባታና ከሃዲያ የመጡ ሠራተኞች በቆርቆሮ ባራክ ውስጥ ገለባ አንጥፈው ይተኛሉ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ነው። የአንዱን ሸሚዝ አስወልቄ ስፌቱን ገልበጥ ሳደርገው ቅማሉን እንደ ገብስ ፍሬ ተደርድሮ አየሁት። ዲዲቲ ነሰነስኩ፤ ቅማሉ ግን መድኃኒቱን ለምዶታል። በቅማል የሚመጣው ግርሻ ደግሞ ገና ከክረምቱ ጀምሮ በየባራኩ ሰው ይጥል ነበር። ትኩሳቱ ሰውየውን ጥሎት ይሰነብትና ይለቀዋል፤ ዳንኩ ብሎ ሥራ ሲገባ ይመለስበታል።

እኔም በትምህርት ቤት እንደተማርኩት ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ቀቅሉ እያልኩ መከርኩ። የሠራተኞቹ ካቦ ጳውሎስ የሚባል የከምባታ ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ምክሬን እስክጨርስ ጠበቀኝና፣

"ሐኪም፣ ሰዎቼ ቆሻሻ አይወዱም" አለኝ። "የሚቀየር ልብስ የላቸውም። ያለቻቸውን አንዷን አጥበው እስክትደርቅ ድረስ በዚህ ብርድ ምን ይልበሱ? እስቲ እርስዎ በጠዋት ወንዙ ውስጥ ይግቡና ይሞክሩት።"

በማግስቱ ወንዙ ዳር ሄጄ እጄን እስከ ክርኔ ነከርኩ። ያን ምክር ሁለተኛ አልደገምኩትም።

መላ ያመጣልን ቃሲም ነው። አሰላ ተወልዶ ያደገ ሲሆን ከአብዮቱ በፊት ለፈረንጅ የእርሻ ባለሙያዎች ቤት ይሠራ ነበር። በግቢያቸው ሳውና የሚሉትን የእንጨት መሞቂያ ቤት ሠርቶላቸው ያውቃል።

"እነሱ ለመዝናናት ነው የሚገቡበት" አለኝ። "ራቁታቸውን ተቀምጠው ያልባቸዋል፤ ከዚያ ወጥተው በላያቸው ውኃ ይደፋሉ። እኛ ሰዉን አግዳሚው ላይ፣ ልብሱን ከጣሪያው ሥር በሽቦ እንሰቅላለን። ከላይ ያለው ሙቀት እንኳን ቅማሉን እንቁላሉንም ይጨርሰዋል።"

አሠራሩን መሬት ላይ በእንጨት ጭሮ አሳየኝ። ግድግዳው ድርብ ነው፤ መሐሉ በሰጋቱራ ይጠቀጠቃል። አግዳሚው ከዝግባ ይሠራል፤ ሙጫ የሚያወጣ እንጨት ሲሞቅ ገላ ያቃጥላልና። የሚስማሩ ራስም በዚሁ ምክንያት እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ምድጃው ከናፍጣ በርሜል ተቆርጦ ከላዩ የወንዝ ድንጋይ ይቆለልበታል። ጣውላውም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። የእርሻው የማጨጃ ማሽኖች፣ ኮምባይኖቹ፣ ከውጭ አገር የመጡባቸው ሣጥኖች ከጋራዡ ኋላ ተከምረው ዝናብ ይመታቸው ነበር።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ጓድ ዘለቀ ሄድኩ። ጓድ ዘለቀ ካኪ ለብሶ የሚውል፣ ሰው ሲያነጋግረው ሌላ ወረቀት የሚያነብ ሰው ነበር። የፈለግሁትን ስነግረው ግን ቀና አለ።

"ሳውና ነው ያልከው? ዕድለኛ ነህ። ከወዳጅ አገር የድንኳን ሳውና እየተላከልን ነው። ለወታደር የተሠራ ነው፤ ስምንት ሰው ይይዛል፣ ከነምድጃው።"

"ድንኳን ለዚህ ብርድ ይሆናል?"

"ሦስት ካምፕ አለህ። ቤት ብትሠራ የሚጠቀመው አንዱ ካምፕ ነው። ድንኳኑ ግን ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እያለ ሦስቱንም ያዳርሳል።"

ክርክሩ መጥፎ አልነበረም። ድንኳን ቶሎ ይተከላል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ የሚፈጀውም ማገዶ ትንሽ ነው። በሌላ በኩል በአንድ ጊዜ ከስምንት ሰው በላይ አይዝም። ሸራው ስስ ስለሆነ የደጋው ነፋስ ሙቀቱን ይወስደዋል፤ ራስ ሲያልበው እግር ይበርደዋል። ልብስ ቢሰቀልበት ደግሞ ሙቀቱ ለቅማል እንቁላል አይበቃም። ይህን ሁሉ ነገርኩትና ብዙ ሰው ላለበት ለታችኛው ካምፕ ብቻ እንኳ የእንጨቱ እንዲፈቀድልን ለመንኩት።

"በምን ጣውላ?" አለኝ።

"በኮምባይኖቹ ሣጥን።"

"እሱ ሥራ አለው" ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

የጣውላውን ሥራ በመስከረም አየሁት። ለአብዮት በዓል የክብር እንግዶች የሚቀመጡበት መድረክ ሆነ። ከነደረጃው፣ ከነመከታው፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ መፈክር ተጽፎበታል። የሠራው ያው ቃሲም ነው። ሥራውን ሲጨርስ መዶሻውን ሣጥኑ ውስጥ ወርውሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ድንኳኑ በጥቅምት መጣ። አረንጓዴ፣ ድርብ በር ያለው፣ ጭስ ማውጫው የሚገጣጠም ቆንጆ ዕቃ ነበር፤ መዋሸት አልችልም። ታችኛው ካምፕ ተክለን ምድጃውን አነደድን። ስምንት ስምንት እያልን እስከ ማታ አስገባናቸው። ፊታቸው ወዝቶ፣ እየሳቁ፣ ከገላቸው እንፋሎት እየተነነ ይወጣሉ። ጳውሎስ ከገባበት ሲወጣ ፎጣ ስላልነበረው በማዳበሪያ ጆንያ እየተጠራረገ፣

"ሐኪም፣ ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ሲሞቀኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ።

ድንኳኑ በየሳምንቱ ቢተከል ኖሮ ይህን ታሪክ አላወራም ነበር። ልብሱ በደንብ ባይሞቅም መታጠቡ ራሱ ቅማሉን ይቀንሰዋል። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ትእዛዝ መጣ። ድንኳኑ እንዳይቆሽሽ ታጥፎ መጋዘን ይግባ ተባለ። ለምን ብዬ ብጠይቅ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ "እንግዳ ሲመጣ ይወጣል" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በኅዳር ከክፍለ ሀገር እንግዶች መጡ። ጠዋት የላይኛውን ካምፕ ሲጎበኙ ድንኳኑ እዚያ ተተክሎ፣ ምድጃው እየነደደ ጠበቃቸው። ጓድ ዘለቀ "የላይኛው ካምፕ ሳውና" ብሎ አስጎበኘ። ከዚያ እንግዶቹን መካከለኛው ካምፕ አጠገብ ወዳለው ክበብ ለሻይ ወሰዳቸው። ሻይ እስኪጠጡ የእርሻው ፒክአፕ መኪና በኋላ መንገድ ድንኳኑን መካከለኛው ካምፕ አደረሰው። ያንንም አዩ። ምሳ ሲበሉ ደግሞ ድንኳኑ ታችኛው ካምፕ ደረሰ። እኔ ያኔ ታችኛው ካምፕ ነበርኩ። ሸራው ከመኪናው ሲወርድ ገና ይሞቅ ነበር። ለሦስት ካምፕ ሦስት ሳውና ተባለ።

እንግዶቹ ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ወደ ጳውሎስ ዞሮ፣ "እንዴት ነው፣ ጥቅሙን አያችሁት?" አለው።

ጳውሎስ ኮፍያውን አወለቀ። "ጌታዬ፣ አንድ ቀን ታጥበንበታል፤ ጥሩ ነው። ግን ድንኳኑ የሚመጣው እርስዎ ሲመጡ ነው፤ እርስዎ ሲሄዱ ይሄዳል። ጠዋት የላይኛው ካምፕ ያዩት ይኼው ነው።"

ጓድ ዘለቀ ፈገግ አለ። "ይህ ሰው ትኩሳት ይዞታል" አለ። "ሐኪሙ ያየዋል።"

"ትኩሳት የለበትም" አልኩ። "የተናገረው እውነት ነው።"

መነጽር ያደረገው ሰው እኔን አየ፣ ዘለቀን አየ፣ ሰዓቱን አየ። "ይጣራል" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አልተጣራም። የተጣራ ነገር ቢኖር ጳውሎስ በማግስቱ ከካቦነት መነሣቱና ጆንያ ተሸካሚ መሆኑ ነው። እኔንም ጓድ ዘለቀ ጠርቶ "ምላስህን ሰብስብ" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጳውሎስ ታመመ። ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ጣፊያው አብጧል። ግርሻ ነበር። ፔኒሲሊን ወጋሁት። በሙያው ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ግርሻ ከመርፌው በኋላ በሽተኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ያስፈልገው ነበር፤ እኔ ዘንድ አልነበረም። አሰላ መድረስ ነበረበት።

ፒክአፑን ፈለግሁ። "የለም" አሉኝ።

"የት ሄደ?"

"ነገ እንግዳ አለ። ድንኳኑን ወደ ላይኛው ካምፕ ይዞ ወጥቷል።"

ጳውሎስን በትራክተር ተጎታች ላይ፣ በገለባ ላይ አስተኝተን ወጣን። መንገዱ ደርቆ ነበር፤ በመኪና ቢሆን ቶሎ እንደርስ ነበር። ትራክተር ግን ትራክተር ነው። ካፖርቴን ደረብኩለት። እጁን ይዤ የደም ሥሩን ምት እቆጥር ነበር። ዋናው መንገድ ሳንደርስ የምቆጥረው ጠፋ። ነጂው ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ "አዙረው" አልኩት።

ጳውሎስን ቀብረን፣ እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ከጠዋቱ ወደ ኮምባይን ኦፕሬተሮቹ ሄድኩ። እነሱ የሁሩታና የሲሬ ልጆች ናቸው፤ በአልጋ ይተኛሉ፣ በአጨዳ ጊዜ ሥራ አስኪያጁም ይለማመጣቸዋል። አለቃቸው ጋሽ በቀለ ይባላሉ። ጆንያ የሚሰፉት ልጆች ከጎናቸው ኮምባይኑ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ቅማል ከጆንያ ወደ ጆንያ፣ ከኮት ወደ ኮት እንደሚሄድ፣ ጳውሎስ በምን እንደሞተ፣ መኪናው የት እንደነበረ ነገርኳቸው። አንድም ቃል አልጨመርኩም። ጋሽ በቀለ እያዳመጡኝ ኮታቸውን አውልቀው ስፌቱን አዩት። ምን እንዳገኙ አልነገሩኝም። ኮቱን መልሰው አልለበሱትም።

"ምን ይሁን ነው የምትለው?" አሉኝ።

"የእንጨት ሳውና ይሠራ። ጣውላው መድረኩ ላይ አለ።"

"እንግዲያስ እሱ እስኪሠራ እኔ ሞተር አላስነሣም" አሉ። ሌሎቹም ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ስንዴው ደርሷል፤ በጭላሎ ተራራ በኩል ያለ ወቅቱ ደመና ይታያል። ከቀትር በፊት ጓድ ዘለቀ አስጠራኝ።

"ሠራተኛ እያሳደምክ ነው። ይህ በዚህ ዘመን ምን እንደሚባል ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። መድረኩን ይስጡኝ።"

"የአብዮትን መድረክ ለቅማል?"

"አዎ፣ ለቅማል። ቅማሉ ዛሬ አለ። በዓሉ ገና ለመስከረም ነው።"

እንዳልመታው ወንበሩን ይዤ ነው የቆምኩት። ዘለቀ በመስኮት ወደ ማሳው አየ። የቆሙትን ኮምባይኖች አየ። ከዚያ፣ "አፍርሰው" አለኝ።

መድረኩን የጳውሎስ ሰዎች ናቸው ያፈረሱት። ሚስማሩን አንድ በአንድ እያቃኑ ለቃሲም አቀበሉት። ቃሲም ቀዩን ቀለም በሙሉ በመላጊያ ላገው፤ ቀለም ሲሞቅ ሽታው ሰው ያፍናል። ቤቱ በታችኛው ካምፕ ተሠራ፤ የላይኛውና የመካከለኛው ካምፕ ሰዎችም በተራ ይመጡ ጀመር። ሳምንት አልፈጀም። ቴርሞሜትሬ ያን ሙቀት ስለማይለካ ሸሚዞቹን አውርጄ በማጉያ መነጽር ስፌት ስፌታቸውን አየሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እስከ ጥር የአዲስ የግርሻ በሽተኞች ቁጥር እየቀነሰ ሄደ።

በየካቲት እንግዶች መጡ። ጓድ ዘለቀ በእንጨቱ ቤት በር ላይ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ በአካባቢው ቁሳቁስ የተሠራ ብሎ አስረዳ፤ ተጨበጨበለት። እኔ በዚያው ወር ወደ ዴራ በረሃ ተዛወርኩ፤ ደረጃዬም ለዓመታት ባለበት ቆመ። ዝውውሩ አላናደደኝም። ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። ዛሬም ጡረታ ወጥቼ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ከመሄዴ በፊት የጳውሎስ ታላቅ ወንድም ከከምባታ መጣ። መቃብሩን አሳየሁት። ሲጸልይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"በምን ሞተ?"

"በግርሻ።"

"መድኃኒት አልነበረም?"

"ነበረ።"

"መኪናስ አልነበረም?"

"ነበረ" አልኩት። የመኪናውንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ዱላውን አንሥቶ ወደ መንገዱ ወረደ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። የድንኳን ሳውና መጥፎ ዕቃ አይደለም። ሰው ጥቂት ከሆነና ሥራው ከቦታ ቦታ የሚዞር ከሆነ ድንኳን ይሻላል። ብዙ ሰው በሚከርምበት ደጋ ግን በእንጨት ይሠራ፣ ግድግዳው ድርብ ይሁን፣ እንግዳ ኖረም አልኖረም በሳምንት አንድ ቀን ምድጃው ይንደድ።