የሐጁ ጥምጥምና ሁለቱ ካርቡራተሮች

የአጎቴ ጋራዥ ግድግዳ የለውም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ጋራዡ የዛፉ ጥላ ነው። ፀሐይ ስትዞር ጋራዡም አብሮ ይዞራል። የአገሩ ሰው ወርሻ ይለዋል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያ ወርሻ ብሎን አጥብና ሻይ አመላልስ ነበር። ብሎን ማጠቡን እወደዋለሁ። ሻዩን ሌላ ሰው ያመላልሰው!

አጎቴ ከጎንደር ጀምሮ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የናፍጣ ሞተር ሲጮህበት ኖሮ ጆሮው ደክሟል፤ እሱ ግን አያምንም። "ሰዉ ነው ድምፁ የሰለለ" ይላል።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አንድ ጠዋት፣ "ቅዳሜ ሎሪ ለአጨዳ ወደ ዶካ ይወጣል" አለኝ። "የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ይሄዳሉ። አንቺም ትሄጃለሽ፤ ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ።"

"አልሄድም።"

"እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ልትሆኚ?"

"መካኒክ።"

ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው። አምና አጨዳ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጎንበስ ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ወገብሽን ይዘሽ ቀና ስትይ ማሳው እዚያው ነው። እኔን የማያልቅ ነገር ያሳብደኛል። ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ቁልፍ ጠምዝዤ ሠራ ወይም አልሠራም እንድል ነው የምፈልገው። ያውም አሁኑኑ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት አሮጌ መኪና በባጃጅ ተጎትታ መጣች። የእንግሊዝ ሥሪት ናት፣ በዕድሜ አጎቴን ትበልጣለች፣ ቀለሟ የወተት፣ ወንበሯ ቆዳ። ባለቤቷ ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም የሸሹ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጅ ነው የምንላቸው። ሌላው ሰው ወርቁንና ሰነዱን ይዞ ሲወጣ እሳቸው እሷን ይዘው ወጡ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሯ ሁለት ነው፣ እንደ መንታ ጎን ለጎን የተቀመጠ። አጎቴ ሁለት ጊዜ አውርዶ አጥቦላቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ እየዘፈነች ሄዳ እያሳለች ተመለሰች።

"ከዚህ በኋላ አልነካትም" አላቸው አጎቴ ሐጁን። "አርጅታለች፣ ያ ሐጅ። ኸላስ፣ በቃ።"

"እኔ ልንካት" አልኩ።

አጎቴ ዞሮ አየኝ። "ሳትንዘፈዘፍ ቀጥ አድርገሽ ካስነሳሻት ቅዳሜ የትም አትሄጂም። ካቃተሽ ግን አፍሽን ዘግተሽ ሎሪው ላይ ትወጫለሽ። ይሁን?"

"ይሁን!"

ሐጁ አማርኛ አይሰሙም፤ ነገሩ ግን ገባቸው። "ኸሊሃ" አሉት በእጃቸው ወደ እኔ እያሳዩ፤ ተዋት ትሞክር ማለታቸው ነው።

ኮፈኑን በደስታ ከፈትኩ። ካርቡራተሮቹን አውርጄ ክዳናቸውን ፈታሁ። የፊተኛው ንጹህ ነው። የኋለኛው ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለች፤ ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታህላለች። ወደ ፀሐይ ያዝኳት። ብርሃን አታሳልፍም።

"ሽቦ እንዳታስገቢ! ቀዳዳው ይሰፋል!" ጮኸ አጎቴ።

"አውቃለሁ!"

ከመጥረጊያው አንድ ቀጭን ስንጥር መዝዤ ቀስ አድርጌ ሰደድኩ፤ ከዚያ በጎማ መንፊያው ነፋሁት። ነጭ ነገር ወጣ። አቧራ አይደለም፣ ዝገትም አይደለም። የጥጥ ክር ነው። ክሩን በጣቴ ጫፍ ይዤ ቀና ስል ዓይኔ የሐጁ ጥምጥም ላይ አረፈ።

"ያ ሐጅ፣ ቤንዚኑን በምንድን ነው የሚያጠሩት?" አልኳቸው በዐረብኛ።

ኮራ ብለው ነገሩኝ። ከካርቱም ሲወጡ መንገድ ላይ በጠርሙስ የሚሸጠውን ቆሻሻ ቤንዚን በጥምጥማቸው እያጠሩ ነው የመጡት። እስከ ዛሬም በሱ ነው። "ንጹህ ነው፣ ያ ቢቲ! በየቀኑ ይታጠባል!" ልጄ ማለታቸው ነው።

ስለሚታጠብ ነው እኮ ክሩን የሚለቀው! ክሩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንዴ ክሩን፣ አንዴ መኪናዋን አዩ፤ ከዚያ ጥምጥማቸውን ዳበሱ።

"ወላሂ?"

"ወላሂ! ከእንግዲህ በሴት ስቶኪንግ ያጥሩ፤ እሱ ክር አይለቅም።"

"እኔ? በዚህ ጢም ሱቅ ገብቼ ስቶኪንግ ስጡኝ ልበል?"

አጎቴ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ገና አላለቀማ።

ገጥሜ አስነሳኋት። ተነሳች፤ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች። አጎቴ ያመጣሁለትን ሻይ ከነብርጭቆው ሞተሩ ላይ አስቀመጠው። የሻዩ ግማሽ ፈሰሰ። "ይሄ ቀጥ ማለት ነው?" አለኝ።

የጎማ ቱቦ ቆረጥኩ። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አደረግሁ። የፊተኛው ሽሽሽ እያለ አየር ይስባል፣ የኋለኛው ይለግማል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ዘንግ አላልቼ የኋለኛውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ አዞርኩ፤ አዳመጥኩ፤ እንደገና አዞርኩ። አጎቴ ቱቦውን ነጥቆኝ አዳመጠ።

"አሁን እኩል ናቸው። በቃ።"

"አይደሉም።"

"ናቸው አልኩሽ!"

"አያ፣ አንተ አይሰማህም እኮ።"

አፌ እንዲህ ነው፤ ቀድሞኝ ይሄዳል። አጎቴ ሞተሩን አየ። ሎሪው ላይ ተጭኜ ዶካ ስገባ ታየኝ። ከዚያ አጎቴ ቱቦውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ብሎኑን በጥፍር ያህል አዞርኩ። የፊተኛውን ሰማሁ፣ የኋለኛውን ሰማሁ፣ የፊተኛውን ደገምኩ። አንድ ድምፅ! ሁለት ሰው በአንድ አፍንጫ የሚተነፍስ ይመስላል። መንዘፍዘፏ ቆመ። የቀረው ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። ጮህኩ! ሐጁም ጮኹ! ጥምጥማቸውን ፈትተው በአየር ላይ አወናጨፉት፤ ከዚያ ሁላችንንም ጭነው እስከ ትልቁ የእህል ጎተራ ነዱን። እኔ ፊት ወንበር፣ አጎቴ ከኋላ። ስቶኪንጉን ስንመለስ እኔው ወርጄ ገዛሁላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሎሪው ሴቶቹን ጭኖ በኒሙ ሥር ሲያልፍ ቆሞ ጡሩምባ ነፍቶ ነበር አሉ። እኔ የአንድ አሮጌ ፒካፕ ኮፈን ውስጥ ገብቼ፣ ቱቦው ጆሮዬ ላይ ሆኖ፣ ምንም አልሰማሁም። አጎቴ ነው የሰማው። ሻይ ሊያመጣ ብርጭቆ ይዞ ከጥላው እየወጣ ነበር።

"ሥራ ላይ ነች፤ ሂዱ" አላቸው።