ሙሉነሽ ያለችበት ማስታወቂያ

ተናኘወርቅ ባሏን ማማት ትወዳለች። «የሰው ባል መሬት ይገዛል፣ መኪና ይገዛል፤ የእኔው ጉድ የሞተ ካሜራ ማስታወቂያ ይገዛል» ትላለች። እውነቷን ነው። ለንደን ሃርልስደን ያለችው የካውንስል የኪራይ ቤታቸው ባለ ሁለት መኝታ ናት። አንዱ መኝታ የልጃቸው የዳናዊት ሲሆን፣ በሌላው ባልና ሚስት ከመጽሔት ጋር ተዳብለው ይኖራሉ። አልጋው ሥር መጽሔት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ መጽሔት፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ እንኳ «ለጊዜው ነው» የተባለ ካርቶን ተቀምጧል። ጊዜው ይኸው እስከ ዛሬ አላለፈም።

መጽሔቶቹ ሁሉ የእንግሊዝ የፎቶግራፍ መጽሔቶች ናቸው፤ ከዳናዊት ዕድሜ በላይ የቆዩ፣ ዳርቻቸው የተላላጠ፣ የምድር ቤት ሽታ ያላቸው። ዘርይሁን አውቶቡስ ነጂ ነው። እረፍቱ ሲደርስ እንደ ጓደኞቹ ካፌ አይውልም፤ ካምደን ይወርድና ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች መሀል ተቀምጦ ገጽ ሲገልጥ ይውላል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። የአበሻው ማኅበር ሰው በፓርቲ ተቧድኖ ሰላምታ ሲነፋፈግ ጊዜ፣ «እነዚህ ቢያንስ አይሰዳደቡም» ብሎ ወደ ካርቶኖቹ ጠቀለለ።

ታዲያ ሰው ዝም ብሎ ቢያየው አበደ ይላል እንጂ፣ ነገሩ ምክንያት አለው። ምክንያቱም ሙሉነሽ ናት።

ሙሉነሽ ታላቅ እህቱ ነበረች። ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ትሠራ ነበር፤ ፊልም ታጥባለች፣ ሙሽሮችን «አገጭ ቀና!» ትላለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታስቃለች። አብዮቱ ሳይፈነዳ አንድ የፊልም ኩባንያ የላከው ፈረንጅ መጣና ባንኮኒው ኋላ እንደቆመች የፊልም ካርቶን አስይዞ ፎቶ አነሳት። ከወራት በኋላ የእሷ ማስታወቂያ የወጣበት መጽሔት በፖስታ መጣላት። ዘርይሁን ያኔ ልጅ ነው፤ የመጽሔቱን ስም ማንበብ አይችልም። ገጹ ግን አንድም ሳይቀር ዓይኑ ላይ ቀረ። መደቡ ቢጫ፣ እህቱ በግራ በኩል ስቃ፣ ከሥሯ ድብልብል ያሉ ጥቁር ፊደሎች፣ የቀረው ሁሉ ባዶ።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። አሰሳ ነው ሲባል እናታቸው እማማ ፀሐይወርቅ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ከቤቱ ፎቶ ጋር ጠራርገው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ልጆቻቸውን ያዳኑ መስሏቸው ነበር። ሙሉነሽን ግን ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ ወሰዷት፤ በዚያው ቀረች። ማልቀስ ክልክል ነበርና አልተለቀሰላትም። ድንኳን አልተተከለ፣ ጎረቤት አልመጣ፣ እናትየው እንኳ ትራስ ነክሰው ነው ያለቀሱት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንዲት ጉርድ ፎቶ እንኳ አለመቅረቷ ነው፤ በገዛ እጃቸው አቃጥለዋታላ!

ዘርይሁን ስልክ በደወለ ቁጥር እማማ ፀሐይወርቅ ከደኅንነቱ ቀጥለው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። «ዓይኔ እየደከመ ነው ልጄ። ጭራሽ ሳይጨልምብኝ የሙሉነሽን ፊት አሳየኝ።»

«አገኛታለሁ እማዬ» ይላቸዋል። ስልኩን ይዘጋና አንድ ካርቶን ስቦ መግለጥ ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ የሚገዛው ለፍለጋ ብቻ ነበር፤ ገለጥ ገለጥ ያደርግና ቢጫ ገጽ ካጣ ይወረውረዋል። እያደር ግን እጁ መዘግየት ጀመረ። አንዲት ካሜራ ብቻዋን ነጭ ገጽ መሀል የተቀመጠችበትን ማስታወቂያ ሲያይ፣ «እዪ ተናኜ፣ እዪ! ይሄን ሁሉ ቦታ ገዝተው ባዶ ተዉት። ዛሬ ቢሆን እኮ አሥር ነገር ይጠቀጥቁበት ነበር» ይላታል። የቴፕ መቅረጫ ማስታወቂያ ያነብና እንደ ሰው ያወራዋል። «ተመልከቺ አነጋገሩን፤ ዕቃ ሻጭ ሳይሆን የተማረ እንግዳ ነው የሚመስለው።» ራዲዮ ተደግፋ የቆመች ሴት፣ የቤት ኮምፒዩተር ከበው የተገረሙ ቤተሰቦች፣ ብርቱካንማና ቡናማ ቀለም፣ የወፈረ ፊደል፣ የቀጠነ ፊደል፤ ሁሉንም ወደዳቸው። ዳናዊት በልጅነቷ ከጎኑ ተኝታ ገጽ ስትገልጥ አድጋ ነው ዛሬ ዩኒቨርስቲ ገብታ ግራፊክ ዲዛይን የምታጠናው። ተናኘወርቅም ብታማው ብታማው፣ አቧራ የምትጠርግላቸው እሷው ናት።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ዘርይሁን ሥራ ላይ እያለ ነው ስልኩ የጮኸው። ከአዲስ አበባ ታናሽ ወንድሙ ደረጄ ነበር።

«እትዬ ተናኜ፣ እማዬ አረፈች። ትናንት ቀበርናት። እሱ በስልክ እንዳይሰማ አደራሽን፤ ሰው ሰብስበሽ በወጉ ይረዳ።»

ተናኘወርቅ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ አለች። አልቅሳ ስታበቃ ፊቷን ታጠበችና መርዶ በማርዳት ለታወቁት ለአቶ እንግዳወርቅ ደወለች።

«ነገና ቅዳሜ ይሠራል?» አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

«ይሠራል። እረፍቱ እሑድ ነው።»

«እንግዲያው እሑድ ጠዋት እንመጣለን። ሕዝብ ጭኖ የሚነዳ ሰው አይረዳም። ያ የስትሪትሃሙ ልጅ የአባቱን ሞት መሪ ላይ ሆኖ ሰምቶ መኪናውን ከግንብ ጋር ያጋጨውን ረሳሽው? እስከዚያ ቻይው እንግዲህ።»

ቻይው! ለእሳቸው መናገር ቀላል ነው። ተናኘወርቅ ማታ ራቱን አቀረበች፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሲያወራላት «አይ» እያለች ሰማች፣ ዓይኗ ሲቀላ በሽንኩርት አሳበበች። ዳናዊት ነገሩን ስትሰማ ቱግ አለች።

«ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ሶ ሮንግ! ልክ አይደለም! እናቱ እኮ ናት። ማወቅ ራይቱ ነው፣ መብቱ!»

«ዝም በይ አንቺ! እኔ ደስ ብሎኝ የያዝኩት መሰለሽ? ሆዴ ተቃጥሎ አለቀ እኮ» አለች ተናኘወርቅ። ልጅቱ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች፤ ለአባቷ ግን አልተናገረችም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዘርይሁን ገባ። የሥራ ጃኬቱን አላወለቀም፤ ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ተናኘወርቅ ደነገጠች። ሰምቷል! ማነው ይሄ አፉን የማይዝ የነገረው? እጆቿን ዘርግታ «እግዜር ያ...» ልትል ስትል እሱ ቀደማት።

«አገኘኋት!»

«ማንን?»

«ሙሉነሽን ነዋ! ተናኜ፣ አገኘኋት እኮ!»

ከጃኬቱ ውስጥ መጽሔት አወጣ። ካምደን ያለው ደንበኛው አዲስ ካርቶን ሲፈታ ነው ያየው። ገለጠው። መደቡ ቢጫ ነው። በግራ በኩል አንዲት ልጅ የፊልም ካርቶን ይዛ ትስቃለች፤ ጥርሷ የዘርይሁን ጥርስ፣ ግንባሯ የዳናዊት ግንባር። ከሥሯ ድብልብል ባሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎች «አንዴ ያዩት አይጠፋም» የሚል ተጽፏል።

«አየሽ ፊደሉን? ልክ እንዳልኩት ነው። ድብልብል ነው አላልኩሽም? ባዶውስ ቦታ? ሰዎች ልጅ ነበርክ፣ አልመህ ነው ሲሉኝ ኖሩ!» እየሳቀ ያለቅሳል። «እማዬ ልታያት ነው። አምጪ የስልክ ካርዱን፣ አሁኑኑ እደውልላታለሁ።»

የስልክ ካርዱ ተናኘወርቅ ጉያ ውስጥ ነበር፤ ከሐሙስ ጀምሮ ደብቃዋለች።

«አልቋል መሰለኝ» አለች።

«ወርጄ ልግዛ ታዲያ።»

«ኧረ ተው ዘርዬ፣ እዚያ እኮ መሽቷል። አሮጊት ሴት በዚህ ሰዓት በስልክ ታስደነግጣለህ? ነገ ይሻላል።» ይህን ስትናገር ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው በወደደች።

እሱ ግን አመናት። «ልክ ነሽ። ነገ ይሻላል» አለ። ዳናዊት ስትመጣ ስካን አድርጋ ትልቅ አድርጋ እንድታትምለት ለመናት፤ የደከመ ዓይን እንዲያያት። ልጅቱ ገጹን ስታይ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ እሱ የደስታ መሰለው።

«አቢ፣ ጽሑፉን ክሮፕ አድርጌ ላውጣው? ፊቷ ብቻ እንዲሆን?»

«እንዳትነኪው! ቢጫውም ፊደሉም የእሷ ነው። እንዳለች ትሂድ።»

ዳናዊት እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ተናኘወርቅ መሬት መሬት አየች። በዚያች ሰዓት ልትነግረው አስባ ነበር፤ አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ግን ያ ሳቅ! በተጋቡበት ዘመን ሁሉ እንዲያ ሲስቅ አይታው አታውቅም። አንድ ምሽት ይሳቅ ብላ ተወችው። ያን ማድረጓ ምሕረት ይሁን ጭካኔ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አቶ እንግዳወርቅ፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ነበሩ። ዘርይሁን ከፍቶ በደስታ ዘለለ።

«እንዴ! ሰማችሁ ማለት ነው? ይቺ ዳናዊት አፏ አያርፍም! ግቡ፣ ግቡ፣ አቶ እንግዳወርቅ እዚህ ይቀመጡ። ተናኜ፣ ሻይ!»

እንደተቀመጡ መጽሔቱን ገልጦ አቶ እንግዳወርቅ ጭን ላይ አስቀመጠላቸው። «እህቴ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ስፈልጋት የኖርኩት። ሰሞኑን አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ለእናቴ እልክላታለሁ። አያምርም አሠራሩ? እስቲ ይመልከቱት።»

አቶ እንግዳወርቅ ተመለከቱ። ስንቱን ቤት ያረዱ ሰው ናቸው፤ ቃል ጠፍቷቸው አያውቅም። «ቆንጆ ነበረች» አሉ። ሌሎቹ አቀርቅረዋል። ተናኘወርቅ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው ካፖርትዎን አያወልቁም አቶ እንግዳወርቅ? ቤቱ እኮ ይሞቃል።»

አቶ እንግዳወርቅ ካፖርታቸውን ይበልጥ ሰበሰቡ። ዘርይሁን እጁን ዘርግቶ ካፖርቱን ሊቀበላቸው እንደቆመ ቀረ። ዓይኑ ከአንዱ ካፖርት ወደ ሌላው ዞረ። መርዶ የሚሄዱ ሰዎች ነገሩ ተነግሮ እስኪያበቃ ካፖርታቸውን አያወልቁም። እሱ ራሱ ብዙ ጊዜ መርዶኞችን በመኪናው ይዞ ሄዷል፤ አዲስ ለመጣ ሰው «ካፖርትህን እንዳታወልቅ፣ ለጨዋታ የመጣህ ትመስላለህ» ብሎ የሚመክረውም እሱ ነበር። በአንዷ ሴት አንገት ሥር የጥቁር ነጠላ ጫፍ አየ።

«እናቴ ናት?» አለ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ ተነሥተው።

አልጮኸም። መጽሔቱን ከአዛውንቱ ጭን ላይ አንሥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። «አላየቻትም» አለ። «አላየቻትም እኮ!» ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ።»

«ትናንት ስስቅ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ፊቱን አዞረባት። ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ ፍራሽ ሲነጠፍ፣ ከሃርልስደንም ከካምደንም ለቀስተኛ ሲመጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ምግብ ስታቀርብለት ያያል፣ አይነካም። ዳናዊት ብትለምነው እሺ አላለም። ተናኘወርቅ ወጥ ቤት ገብታ ለሟቿ አማቷም፣ በቁሙ ለራቃት ባሏም አለቀሰች። ከሁለቱ የትኛው እንደባሰባት እንጃላት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ግጥም እንዳለ ዘርይሁን ከፍራሹ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ። ዳናዊት ያተመችለትን ትልቁን ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ቢጫው ከነፊደሉ። የእማማ ፀሐይወርቅ ፎቶ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት ባልቴት አጎንብሰው «ማናት ልጄ?» አሉት።

«እህቴ ናት። ሙሉነሽ ትባላለች። አልተለቀሰላትም።»

ያቺን የፊልም ማስታወቂያ በሁለት እጁ እንደያዘ መሀል ቤት ቆሞ ቀረ። ሰዉን ሁሉ ቃኘና ዓይኑ በመጨረሻ ተናኘወርቅ ላይ አረፈ። ወረቀቱን ሰጣት።

«ከፍ አድርጊያት ተናኜ» አለ። «ሰዉ ሁሉ ይያት።»

ተናኘወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሀል ቤት ወጣች። በሕይወቷ አይታት የማታውቃትን፣ ስንት ዘመን አቧራ የጠረገችላትን ልጅ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችና «ሙሉዬ!» አለች፤ ቤቱ በሙሉ ተቀበላት።