የባሌ ወንድም ያነጠፈው ወለል

የበደለኝ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ጊዜውም ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ ክረምት ላይ ነበር። ባሌ የተወልኝን ቤት የባሮ ውሃ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጎ የጣውላ ወለል እንዲሠራልኝ ለመንኩት፤ አናጢ ነው። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ለመንግሥት ሠራተኛ አከራይቼ በኪራዩ ልኖር ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን ከጎሬ የመጣውን ጣውላ ዝናብ እንደጠጣ፣ ከመኪና ሲወርድ ተቀብሎ በሚስማር መታው።

በጋው ሲገባ ወለሉ በተረገጠ ቁጥር ሲጢጥ ይል ጀመር። ክፍሉን የተከራየችው አስተማሪ ጩኸቱ ሰልችቷት ለቃ ሄደች። አማቼን፣ ያንኑ የባሌን ወንድም፣ ጠራሁት። ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አደረገና በጎረቤት ፊት ሳቀ።

«የእኔ እጅ ምን አደረገ? የወፈርሽው አንቺ!»

ጎረቤት ሲበተን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሬቱ እየሰመጠ ነው። ሳይወድቅብሽ ቤቱን ለእኔ ልቀቂና አገርሽ ግቢ።»

ዓይኑ ቤቱ ላይ መሆኑ ያኔ ገባኝ። «ቤቴ አይሰምጥም፣ ጋሼ» አልኩት። 

በማግስቱ አንዱን ጣውላ ነቀልኩ። መሬቱ ደህና ነው። ጣውላው ግን ደርቆ ተኮማትሮ፣ ከሥር ከሚሸከመው ሞራሌ ተላቋል፤ ሲረገጥ ሚስማሩ ላይ እየወጣ እየወረደ ይጮሃል። ዓሣ አድርቃ የምትሸጠው አኙዋ ጎረቤቴ አጎንብሳ አየችው።

«እርጥብ ዓሣ ጆንያ ትከቻለሽ?»

«ምን በወጣኝ! ይበሰብሳል።»

«እንጨትም ያው ዓሣ ነው። መጀመሪያ ይድረቅ።»

ወለሉን በሙሉ አነሳሁ። ጣውላዎቹን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አየር እንዲያገኛቸው በመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት እያጋደምኩ ደረደርኳቸው። እኔ አፈሩ ላይ ተኛሁ። አማቼ በር ላይ ቆሞ «አብደሻል» ብሎኝ ሄደ።

በደንብ ሲደርቁ ሞራሌዎቹን በክር አስተካከልኩ፤ ዝቅ ካሉት ሥር ሽብልቅ ከተትኩ። ጣውላውን በሚስማር ሳይሆን በብሎን አጥብቄ አሰርኩት። ክረምት ሲያብጥ መላወሻ እንዳያጣ ከግድግዳው ጥግ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውኩለት። እጄ ቆሳስሎ ነበር።

ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ በጋውም ገባ። ወለሉ ዝም አለ። ክፍሉን ለአንዲት ነርስ አከራየሁት።

ለባሌ ሁለተኛ ሙት ዓመት አማቼ መጣ። ምግቡን በረንዳ ላይ አቀረብኩለት። ከበሩ አላሳለፍኩትም።