ከዝዋይ በስልክ የተጠራው ኮምፒዩተር

ናዝሬት፣ ጎህ ሲቀድ

ዘመኑ የሰባዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሁላችንም ጓድ የምንባባልበት። የፋብሪካችን ላንድሮቨር በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል። ባለቤቴ አስቴር የታመመች ልጃችንን አዝላ ሳሎን ውስጥ ትንጎራደዳለች። ሞግዚቷ ጥላን ሄዳለች። አስቴር በዚያው በእኔ ፋብሪካ ጸሐፊ ናት፤ በልጅ ምክንያት እየቀረች የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። አንድ ቀን ብትደግም ትባረራለች። ዛሬ ደገመች። ማስጠንቀቂያውን የፈረሙት ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ይኸው መኪናው ውስጥ ሆነው እኔን ይጠብቃሉ።

«መቅረቴን እንዳይሰሙ፣ አደራህን» አለችኝ። ፈርቼ ነበር፣ ግን በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጉዟችን ወደ ላንጋኖ ነው፤ «ዘመናዊ አሠራር» የሚባል ጉባኤ አለ። ሥራ አስኪያጁ የሚያሰሙትን ንግግር ያዘጋጀሁት ወንድሜ ከውጭ ባመጣልኝ ኮምፒዩተር ነው። ቀበሌያችን ዕቃውን ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ቸግሮት «ቴሌቪዥን ያለው ታይፕ» ብሎታል።

«ጓድ፣ ንግግሩን ወደ ወረቀት ልገልብጥና ልምጣ፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩ።

«ተወው! ወረቀት ተሸክሞ ስለ ዘመናዊ አሠራር ይወራል? ውጭ አገር ሳለሁ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎቹ ማሽናቸውን ቤታቸው ትተው ከሌላ ከተማ በስልክ ይጠሩታል። እኛም እንጠራዋለን፤ ያነብልናል።»

ለዚያ የሚያስፈልገው መሣሪያ የለኝም። ቢኖረኝም ማሽኑ አፍ የለውም። ግን ለአለቃ «አይቻልም» የሚባልበት ዘመን አልነበረም። «ይቻላል ጓድ» ብዬ ገባሁ።

ሞጆ

ኬላ። ወታደሩ በመስኮት አንገቱን አስገባ። «ምን ጭናችኋል?»

«ንግግር» አሉ ሥራ አስኪያጁ ኮራ ብለው።

«የት አለ?»

«ናዝሬት።»

ወታደሩ አንድ በአንድ አየንና ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

መቂ

መንገዱ ዳር ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ተቆልሏል። ሾፌራችን ገመቹ ከሻጮቹ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጦ ተመለሰ። አንድ ነገር ከንክኖታል።

«ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማሽኑ ቤት ብቻውን ነው? ስልኩን ማን ያነሣለታል?»

«ራሱ ነዋ!»

«ዋቃዮ!» አለ ገመቹ አምላኩን ጠርቶ፤ ማርሽ ቀየረ።

ዝዋይ

የተጠበሰ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ በላን። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ስልክ ቤት መሩን። ጠባቧ ክፍል ወረፋ በያዘ ሰው ታፍናለች። ስልከኛዋ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለች ጮኸች፤ መስመሩ ተንኮሻኮሸ፤ መጨረሻ ላይ የአስቴር ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«መብራት የለም» አለችኝ። «ከወጣችሁ ጀምሮ ጠፍቷል። ማሽንህ ጨልሟል።»

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬ ላይ ናቸው። «ተነሣ? ማነው ያነሣው?»

ባለቤቴ ናት ብል ከሥራዋ መቅረቷን ራሴ መናገሬ ነው። «ማሽኑ ነው ጓድ» አልኩና ወደ ስልኩ ጮህኩ፤ «አንብብ!»

አስቴር የአለቃውን ድምፅ ከጀርባዬ ሰምታ ነገሩ ገባት መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «የተከበራችሁ ጓዶች!» ብላ ጀመረች። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ስትቀመጥ የኖረች ሴት ናት። ሰፊው ሕዝብ መጣ፣ ምርትና ምርታማነት ተከተለ፣ አድኃሪያን ተወገዙ። እኔ እየጻፍኩ ነው። ስንት ሌሊት ከደከምኩበት ንግግር ጋር ልዩነቱን ማግኘት አቃተኝ፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ መታገሥ አቅቷቸው ስልኩን ከእጄ ነጠቁ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሴት ነው እንዴ?»

«እንደዚያ አድርገው ነው የሠሩት።»

«ጥሩ አስበዋል!» አሉና የሚሰሙትን ጮክ ብለው ይደግሙልኝ ጀመር። «ጻፍ! ስለሆነም ፋብሪካችን ከመስከረም በፊት የሕፃናት ማቆያ ይከፍታል። በልጇ ሕመም የቀረች እናትም አትቀጣም...»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «ጓድ፣ ይኼ እንኳ በረቂቁ ላይ...»

«አንተ ከማሽን ልትበልጥ ነው? ጻፍ!»

ጻፍኩ።

ቡልቡላ

የፍየል መንጋ አስፋልቱን ዘግቶ ቆመናል። ሥራ አስኪያጁ ለፍየሎቹ ንግግሩን ይለማመዳሉ። ገመቹ በመስታወቱ እኔን እያየ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ይነክሳል።

ላንጋኖ

የሐይቁ ውኃ ሻይ በወተት ይመስላል። አዳራሹ በካኪ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ «ይህ ንግግር ናዝሬት ካለ ኮምፒዩተር በስልክ የተጠራ ነው» ሲሉ ጭብጨባው አላባራም። ስለ ማቆያው ሲያነቡ ከአዲስ አበባ የመጡት ትልቅ ባለሥልጣን ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ለሌሎች ፋብሪካዎች አርአያ ይሁን፣ እኔም መጥቼ እመርቀዋለሁ» አሉ። የእኛ ሰው በደስታ ደረታቸው አብጦ የካኪያቸው ቁልፍ ሊበጠስ ደረሰ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ናዝሬት፣ በማግስቱ ከሰዓት

«ማሽኑን ሳላመሰግን ቤቴ አልገባም» ብለው ተከትለውኝ ገቡ። ምን ብዬ ልከልክል? መብራቱ አልመጣም። ኮምፒዩተሩ አቧራውን ለብሶ ጥቁር መስኮቱን አፍጥጧል። አስቴር ልጇን እንዳዘለች ከጓዳ ወጣች።

«እንኳን ደህና ገቡ ጓድ። ሻይ ላምጣልዎት?»

ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ደረቁ። ማሽኑን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እሷን አዩ። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ገመቹ በር ላይ ሳል ያዘው።

«ትናንት የት ዋልሽ?» አሏት።

«እዚሁ። ልጄን ይዤ።»

ሻዩ ቀረበ። አንድ ጊዜ ፉት አሉለት። «ይኼ ማቆያ... መቼ ይከፈታል ነበር ማሽኑ ያለው?»

«ከመስከረም በፊት» አለች አስቴር ዓይኗን ሳትነቅል። «ያሉት ግን እርስዎ ነዎት፤ በጉባኤ ፊት።»

ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆባቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማሽኑ ነገ በሰዓቱ ሥራ ይግባ» አሉኝ።