የሦስተኛው እርቅ አሻራ

ዳርቱ ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ባሏ ሊሊሳ ሲደበድባት እኛ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አስታርቀናቸዋል። «ሁለተኛ እጄን አላነሳባትም» የሚለውን የእርቅ ውል የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ ፍቺና የጉዳት ካሳ ጠይቃ ከሰሰችው። ሊሊሳ «ነክቻት አላውቅም» ሲል፣ ሲመታት ያየ ምስክር ስላልነበራት ሦስቱን ወረቀቶች አቀረበች፤ እኔም ፍርድ ቤት ተጠራሁ። መስኮቱን ከእንጦጦ የወረደ ጉም ሸፍኖታል። ዳኛዋ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታ አስተያየቻቸው።

«አባቴ፣ ሁለቱ ላይ የቀኝ አውራ ጣቷ ነው ያረፈው ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛው ለምን የግራ ሆነ?»

«ቀኟ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።»

«ምን ሆነሽ ብለው ጠየቋት?»

ያን ቀን ጣቷን ይዤ ቀለም ያስነካኋት እኔው ነኝ። ጣቷ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቅዝቃዜው አሁን እጄ ውስጥ ገባ።

«አልጠየቅኋትም» አልኩ።

ጸሐፊዋ መዘገበችው። ዳርቱ ያጣችው ምስክር ለካ እኔ ነበርኩ።