ጋሽ ታደለ ቤት ለቤት የዞሩ ዕለት

ባለፈው ክረምት ቴፒ ላይ ዝናብ ይዞኝ የአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ከውስጥ፣ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ መጣ። እንፋሎት፣ የተለበለበ ክር፣ ትንሽ ጭስ። ጋሽ ታደለ ፊቴ ድቅን አሉ።

በልጅነቴ አማን ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። የቤንች ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ረጋ ያለ ነበር፤ ቃሉን መርጠው ነው የሚያወጡት። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ዝናብ ከጀመረ ቶሎ አያባራም፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከያዘን ወደ እሳቸው ክፍል እንሮጣለን። ዝናቡ እንዳይገባብን መስኮቷን ዘግተው የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ያስቀምጡናል። ቆርቆሮው ይጮኻል፣ የስፌት መኪናው ይንቀጫቀጫል፣ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ሬዲዮናቸው መዝሙር ይሰማል። ታናሽ ወንድሜን ናቲን ብዙ ጊዜ እዚያው እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

አንድ ክረምት ጋሽ ታደለ ማሳል ጀመሩ። እሳቸውም ሰፈሩም "ብርድ ነው" አሉ። ማርና ነጭ ሽንኩርት ተወሰደላቸው። በጋ ገብቶም ሳሉ አልለቀቃቸውም። ኮታቸው ሰፋባቸው፤ የራሳቸውን ልብስ ማጥበብ ያዙ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታቸው ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ።

ያኔ የዚህ በሽታ ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም። የታመመ ቢኖር "አስም ነው" ተብሎ ይሸፈናል። ጋሽ ታደለም መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ነርሷ ግን አስረዳቻቸው፤ በሽታውን የሚያመጣው ብርድ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ተህዋስ ነው፤ የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያወራም አየሩ ላይ ይቀራል፤ በተዘጋ ቤት አብሮ የተቀመጠ ሰው ይተነፍሰዋል። መስኮቷን ይዘጉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው ቤት ለቤት ዞሩ። እኛ ደጃፍ መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ።

"ይግቡ እንጂ፣ ጋሽ ታደለ" አለች እናቴ።

"አልገባም፣ ብርቄ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞኛል። ልጆችሽ እኔ ጋ ሲቀመጡ ነው የከረሙት። ውሰጂና አስመርምሪያቸው።"

እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ጮኸችባቸው። ከዚያ የሰደበቻቸውን ስድብ ዛሬም መድገም አልወድም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። ስትጨርስ፣ "እውነትሽን ነው። ብቻ ውሰጃቸው" ብለው ወደሚቀጥለው ደጃፍ ሄዱ።

እኔ ምንም አልተገኘብኝም። ናቲ ግን ይዞት ነበር፤ ገና ሲጀምረው ተደረሰበት። እናቴ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየወሰደች መድኃኒቱን አስዋጠችው።

ሰፈሩ ዩኒፎርሙን ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ወሰደ። ነርሷ በጨርቅ አይተላለፍም፣ ደግሞም መድኃኒቱ ከያዘ በኋላ የሚያስፈራ ነገር የለም ብትል የሚሰማት አጣች። ጋሽ ታደለ የስፌት መኪናቸውን ደጃፋቸው ያለው አቮካዶ ዛፍ ሥር አውጥተው ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ሰው ሲያልፍ ሰላምታ ላለማስገደድ ይመስለኛል፣ ቀና አይሉም።

ከወራት በኋላ እናቴ የናቲን ሱሪ ጠቅልላ ወደ ዛፉ ሄደች። ተከተልኳት። ምንም መግቢያ ሳታበጅ ሱሪውን መኪናው ላይ አኖረችላቸው።

"ጠቦታል። ያስፉልን።"

"ወፈረ?" አሉ ጋሽ ታደለ።

"ወፈረ።"

ሱሪውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። እናቴ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስለ ምን እንዳወሩ አላስታውስም፤ ረጅም ሰዓት መቀመጧን ግን አስታውሳለሁ። ሰፈሩም ይህን አየ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ጋሽ ታደለ ድነው ብዙ ዓመት ሰፉ። ያረፉት እኔ ለሥራ ከአማን ከወጣሁ በኋላ ነው።

በቀደም እናቴ ደወለችልኝ። "የጎረቤታችን የአስናቀች ልጅ ሳል ይዞት ሰነበተ። ራሷ መጥታ ነገረችን፣ ለሁላችንም። ነገ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን" አለችኝ። ገበያ ልትሄድ መሆኑን የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው፤ ወዲያው ስለ ቡናው ለቀማ ማውራት ጀመረች።